ፕሮሰሰር ከመግዛታችሁ በፊት ማዘርቦርዱን ጠይቁት

«ለጌም ብዬ ፕሮሰሰር ልቀይር ነው፣ የቱ ይሻለኛል?» ብሎ ለሚደውልልኝ ሁሉ መልሴ ሌላ ጥያቄ ነው፦ ማዘርቦርድህ ምንድን ነው? ፕሮሰሰሩና ሌሎቹ ዕቃዎች የሚሰኩበት ሰሌዳ ማለቴ ነው። አብዛኛው ሰው አያውቀውም። ዋጋ አጣርቷል፣ ዩቲዩብ ላይ አሥር ቪዲዮ አይቷል፣ ቴሌግራም ላይ ሻጭ አግኝቷል፤ የኮምፒውተሩን ጎን ከፍቶ ቦርዱ ላይ የተጻፈውን ግን አላነበበም። ገበያ ላይ ካሉት ፕሮሰሰሮች የእናንተን ማሽን የሚመለከቱት ጥቂት ናቸው፤ የትኞቹ እንደሆኑ የሚወስነውም ቦርዱ እንጂ ኪሳችሁ አይደለም።

ምሳሌ የማደርገው በእጄ ብዙ ጊዜ ያለፈውን ዓይነት ማሽን ነው፦ ቢ450 ማዘርቦርድ፣ ራይዘን 5 2600 ፕሮሰሰር፣ 16 ጊጋ ራም፣ አርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርድ። ኢንቴል ያላችሁም አትሂዱ፣ መሀል ላይ እመጣባችኋለሁ።

1. ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ መሆኑን አረጋግጡ

ጌም ላይ አንድ ምስል ስክሪኑ ላይ እስኪወጣ ሁለት ሠራተኞች ይቀባበሉታል። ፕሮሰሰሩ ማን የት እንደቆመ፣ ጥይቱ ማንን እንደመታ፣ መኪናው ከምን ጋር እንደተጋጨ አስልቶ የሚሳለውን ያዘጋጃል። ግራፊክስ ካርዱ ተቀብሎ ይስለዋል። አንዱ ያቦካል፣ ሌላው ይጋግራል። ሊጡ በጊዜው ካልቀረበ ምጣዱ ባዶውን ይግላል፤ ምጣዱ ቀርፋፋ ከሆነ ደግሞ አቡኪ መቀየር አንዲት እንጀራ አይጨምርም።

የቱ እንደሆነ ለማወቅ ገንዘብ አያስፈልግም። መጀመሪያ በሰከንድ የሚወጣውን የፍሬም፣ ማለትም የምስል፣ ቁጥር የሚገድቡትን ቪሲንክን እና የፍሬም ገደብን አጥፉ፤ ይህን ረስቶ የሚለካ ሰው የሚያገኘው ቁጥር ውሸት ነው። ከዚያ ሁልጊዜ የምትጫወቱትን ጌም ክፈቱና ማሽኑ የሚጨነቅበት ቦታ ሂዱ፦ ካውንተር ስትራይክ 2 ከሆነ ጭስና ተኩስ የበዛበት ዙር፣ ጂቲኤ 5 ከሆነ ከተማው መሀል በፍጥነት መንዳት። ባዶ ሜዳ ላይ ቆሞ መለካት ምንም አይነግራችሁም። የፍሬም ቁጥሩን መዝግቡ። አሁን ሪዞሉሽኑን (የምስሉን ጥራት) ብቻ ከ1080ፒ ወደ 720ፒ አውርዱ፣ ሌላ ምንም አትንኩ፣ እዚያው ቦታ ላይ ድጋሚ ለኩ።

ቁጥሩ ጉልህ በሆነ መጠን ከጨመረ የተጨናነቀው ግራፊክስ ካርዱ ነበር። ፕሮሰሰር መግዛቱን ተዉት። ቁጥሩ ካለበት ካልተንቀሳቀሰ ግን ካርዱ ሥራ ቢቀልለትም የሚስለው አላገኘም ማለት ነው፤ ችግሩ በፕሮሰሰሩ በኩል ነው። ኤምኤስአይ አፍተርበርነርን ጭናችሁ የካርዱን የሥራ መጠን ስክሪኑ ጥግ ላይ ብታስወጡት ይኸው ነገር በሌላ መንገድ ይታያችኋል፦ 95 ከመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ካርዱ እየደከመ ነው፤ 60 ወይም 70 ላይ የሚዋልል ከሆነ እየጠበቀ ነው።

የሥራ ጫናውን በሚያሳየው የዊንዶውስ ታስክ ማኔጀር ላይ ግን ተጠንቀቁ። «ፕሮሰሰሩ 35 ከመቶ ብቻ ነው የሚሠራው፣ እንዴት ደከመ ትለኛለህ?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ራይዘን 5 2600 ስድስት ኮር (የሚያሰላ ክፍል) እና 12 ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) አለው። አንዱ ትሬድ ሙሉ በሙሉ ቢወጠር ከጠቅላላው 8 ከመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ይቆጠራል። አብዛኛው ጌም ደግሞ ከባዱን ሥራ አንድ ወይም ሁለት ትሬድ ላይ ነው የሚቆልለው። እነዚያ ተወጥረው ሌሎቹ አሥሩ ሻይ ቡና ሲሉ፣ የጠቅላላው ቁጥር ዝቅ ብሎ ይታያል።

ፕሮሰሰር መስለው የሚያታልሉ ሌሎች ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ራም ነው። 16 ጊጋው በአንድ ዘንግ ብቻ ከሆነ፣ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ዘንጎች ቢሆኑ ኖሮ ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ ያነብ ነበር፤ ልዩነቱ ጌም ላይ በደንብ ይሰማል። ደግሞም 3200 ተብሎ የተገዛ ራም ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ ቀድሞ የሚሠራው የቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ኤክስኤምፒ (ራሙን በተሸጠበት ፍጥነት የሚያሠራው ማስተካከያ) ካልተከፈተለት 2133 ወይም 2400 ላይ ተኝቶ ሊኖር ይችላል። ፕሮሰሰር ሊገዛ ብሩን ይዞ የመጣ ልጅ ይህንን አንዲት ቦታ ከፍቼለት ሳይገዛ ተመልሷል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በ2133 ሲጫወት ነበር። ሁለተኛው ሙቀት ነው። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሀል የሚቀባው ፔስት የደረቀበት፣ አቧራ የዋጠው ማሽን ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ያው ፋን በያው ፍጥነት እየዞረ የባሕር ዳርቻ ከተማ ላይ የሚያነሳውን ያህል ሙቀት አያነሳም። ደግነቱ ክፍሉ ራሱ ቀዝቃዛ ነው። ሦስተኛው ጌሙ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ መጫኑ ነው፤ አዲስ ሰፈር በገባችሁ ቁጥር ጭልጥ ብሎ የሚቆም ከሆነ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዲስክ) ከፕሮሰሰር ይቀድማል።

ሞኒተራችሁንም አትርሱ። 60 ኸርዝ ሞኒተር በየ16.7 ሚሊ ሰከንዱ አንድ ምስል ነው የሚያሳየው። ማሽኑ ያለ መቆራረጥ 90 ፍሬም እየሰጠ ከሆነ 150 ማድረግ ለዓይናችሁ እምብዛም ትርጉም የለውም። 144 ኸርዝ ሲሆን ግን ፕሮሰሰሩ እያንዳንዱን ምስል በ6.9 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ማዘጋጀት አለበት፤ አሮጌ ፕሮሰሰር እስትንፋስ የሚያጥረው እዚህ ጋ ነው።

2. ቦርዱ የሚፈቅደውን አውጡ

ሲፒዩ-ዜድ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ክፈቱና ሜይንቦርድ በሚለው ገጽ ላይ የቦርዱን ሙሉ ስም፣ ሪቪዥኑን እና የባዮሱን ቁጥር ጻፉ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ቦርዱ አምራች ድረ ገጽ ሄዳችሁ የሚደገፉ ፕሮሰሰሮችን ዝርዝር ፈልጉ። ከእያንዳንዱ ፕሮሰሰር ጎን ከየትኛው ባዮስ ጀምሮ እንደሚሠራ ተጽፏል። ዝርዝሩ ላይ የሌለ ፕሮሰሰር ለእናንተ የለም፤ ሻጩ «ይሠራል፣ እኔ ሞክሬዋለሁ» ቢልም።

የእኛ ምሳሌ ዕድለኛ ነው። ኤኤም4 የሚባለው የኤኤምዲ (የራይዘን አምራች) ሶኬት፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት መሰኪያ፣ በ2017 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ራይዘኖች እስከ 5000ዎቹ ድረስ አስተናግዷል። በ2018 ለራይዘን 2600 የተገዛ ቢ450 ቦርድ ባዮሱ ብቻ ታድሶ ራይዘን 5600 ይቀበላል። በ2022 ኤኤምዲ 300 ተከታታይ ለሚባሉት አሮጌ ቦርዶችም መንገዱን ከፍቷል፤ ኤ320 ያላችሁ ዝርዝሩን ሳታዩ ተስፋ አትቁረጡ። ራይዘን 7600፣ 7800ኤክስ3ዲ፣ 9800ኤክስ3ዲ የመሳሰሉት ግን ኤኤም5 ናቸው። እነሱን መግዛት ማለት ቦርድም ዲዲአር5 ራምም አብሮ መግዛት ነው፤ ያኔ ጉዳዩ ፕሮሰሰር መቀየር መሆኑ ቀርቶ ግማሽ ኮምፒውተር መግዛት ይሆናል።

ኢንቴል ላይ ነገሩ ጠበብ ይላል፣ ወጥመዱም ይበዛል። ኤልጂኤ 1151 የሚባለው ሶኬት ስሙ አንድ ሆኖ ሁለት ነው፦ 100 እና 200 ተከታታይ የሚባሉት ቦርዶች 6ኛና 7ኛ ትውልድን፣ 300 ተከታታይ ደግሞ 8ኛና 9ኛን ይወስዳሉ። ልኩ አንድ ስለሆነ ቁጭ ይላል፤ አይነሳም። ከውጭ ያገለገሉ ሆነው የሚገቡት የቢሮ ዴስክቶፖች ብዙዎቹ አይ5-6500 ያላቸው ናቸው። ለእነሱ ጣሪያው አይ7-6700 አካባቢ ነው፤ አራቱ ኮር አራት ሆኖ ይቀርና ትሬዱ ስምንት ይሆናል። መቆራረጡን ያለዝበዋል እንጂ ሌላ ማሽን አያደርገውም። በርካሽ ካገኛችሁት ግዙት፣ ካልሆነ ግን ብሩን ለሌላ ቦርድ አጠራቅሙ። ኤልጂኤ 1200 የ10ኛና 11ኛ ትውልድ ነው፤ ኤች410 እና ቢ460 ቦርዶች ግን 11ኛውን አይቀበሉም። ኤልጂኤ 1700 ከ12ኛ እስከ 14ኛ ይሄዳል፤ አይ3-12100ኤፍ ይዞ ለተቀመጠ ሰው አይ5-12400ኤፍ ጥሩ እርምጃ ነው።

ያገለገለ 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ ለመግዛት ያሰባችሁ አንድ ነገር እወቁ። ከእነዚህ ውስጥ ጠንካሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየወሰዱ እንደሚጎዱ ኢንቴል ራሱ በ2024 አምኖ፣ የባዮስ ማስተካከያ አውጥቶ፣ ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዝሟል። ማስተካከያው ጉዳትን ይከላከላል፣ የደረሰውን ግን አይመልስም። የቀድሞው ባለቤት ባዮሱን አድሶ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ 12ኛው ትውልድ ከዚህ ነፃ ነው።

3. ከተፈቀዱት ውስጥ ምረጡ

ለቢ450 ባለቤት ውድድሩ በራይዘን 5500፣ 5600፣ 5700ኤክስ፣ 5700ኤክስ3ዲ እና 5800ኤክስ3ዲ መካከል ነው። ከነዚህ በላይ ያሉት 12 እና 16 ኮሮች ለቪዲዮ ሥራ እንጂ ለጌም አይደሉም፣ ርካሽ ቦርድንም ያሞቃሉ።

ልዩነቱን የሚሠራው ከጊጋ ኸርዝ ይልቅ ካሽ ሜሞሪ ነው። ፕሮሰሰሩ የሚፈልገው ነገር አጠገቡ ካሽ ውስጥ ካለ ወዲያው ያነሳዋል፤ ከሌለ ራም ድረስ ይሄዳል፣ በእሱ ሰዓት አቆጣጠር ይህ ረጅም መንገድ ነው። አሮጌው 2600 ያለው 16 ሜጋ ካሽ ነው፤ እሱም ለሁለት ተከፍሎ ሦስት ሦስት ኮር 8 ሜጋ ይጋራል። 5600 ላይ ስድስቱም ኮሮች 32 ሜጋውን በአንድ ማዕድ ይቆርሱበታል። ኤክስ3ዲ የሚል ቅጥያ ያላቸው ሲሊከኑ ላይ ሌላ 64 ሜጋ ተነባብሮባቸው 96 ይደርሳሉ። ካውንተር ስትራይክ፣ የበረራ ሲሙሌተሮች፣ ሕዝብ የሚርመሰመስባቸው የኦንላይን ጌሞች ይህን ካሽ ይወዱታል።

ስለዚህ ቅጥያ ፊደሏን ሳታነቡ ብር አታውጡ። 5600 እና 5600ጂ ወንድማማች ይመስላሉ፤ ባለ ጂው ካሹ 16 ሜጋ ነው። 5700ኤክስ 32 ሜጋ ሲኖረው፣ ኤክስ የሌለው 5700 ግን 16 ብቻ ነው። 5500ም እንደዚሁ። «አንድ ነው፣ ፊደሉ ብቻ ነው የሚለየው» የሚላችሁ ሻጭ ወይ አያውቅም ወይ በደንብ ያውቃል።

የእኔ ፍርድ ይኸውና። ለአብዛኛው ሰው 5600 ይበቃል፤ 65 ዋት ነው፣ ቦርድ አያስጨንቅም፣ በካርቶኑ ሲገዛ ማቀዝቀዣውም አብሮት ይመጣል፣ አርቲኤክስ 3060ን በሚገባ ያጠግበዋል። እየተጫወታችሁ የምታስተላልፉ ወይም ቪዲዮ የምታቀናብሩ ከሆነ 5700ኤክስ፣ ስምንት ኮር። 144 ኸርዝ ሞኒተር ይዛችሁ ውድድር ነገር የምትጫወቱ ከሆነ ኤክስ3ዲ። 5500ን የምመክረው ዋጋው ከ5600 በግልጽ ሲርቅ ብቻ ነው። ኤክስ3ዲዎቹ እንደ ልብ ስለማይገኙ ሻጮች ዋጋ ይሰቅሉባቸዋል፤ የተጠራባችሁ ብር ወደ ኤኤም5 ቦርድ፣ ራምና ፕሮሰሰር ድምር ከተጠጋ ቆም በሉ።

5700ኤክስም ኤክስ3ዲዎቹም ያለ ማቀዝቀዣ ነው የሚሸጡት። ከ2600 ጋር የመጣችው ትንሿ ፋን ለ105 ዋቱ ኤክስ3ዲ አትሆንም፤ የማማ ቅርጽ ያለው ማቀዝቀዣ ዋጋ ሂሳቡ ውስጥ አስገቡ።

4. ግዢው

ያገለገለ ፕሮሰሰር መግዛት አያስፈራም፤ ከማሽን ዕቃዎች ሁሉ ቶሎ የማይሞተው እሱ ነው። የሚያስፈራው ፒኑ ነው። ኤኤም4 ላይ 1331 ፒኖች ያሉት ከፕሮሰሰሩ ሆድ ሥር ነው። በስልካችሁ መብራት አግድም አብርታችሁ በየመስመሩ እዩት፤ ሰልፉን የሳተች አንዲት ፒን ትበቃለች። ኢንቴል ላይ ፒኑ ቦርዱ ላይ ስለሆነ ፕሮሰሰሩ ለጥ ያለ ነው። ክዳኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፍቀው ሌላ ስም የሚጽፉም ስላሉ፣ ከተቻለ በሻጩ ቦርድ ላይ አስነስታችሁ በሲፒዩ-ዜድ ስሙን እዩ።

ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ፕሮሰሰር ለመላክ ከሚመቹ ዕቃዎች አንዱ ነው፤ ከክብሪት ቀፎ ብዙም አይበልጥም። በድምፅ መልእክት «አምስት ሺ ስድስት መቶ» ብላችሁ ግን አትላኩ። ሙሉ ስሙን ከነፊደሉ ጻፉላቸው፣ ፎቶም ጨምሩ። የተሳሳተ ዕቃ ቦሌ ከደረሰ በኋላ የሚመልሰው የለም። ማሸጊያ ፕላስቲኩን እንዳይጥሉትም ንገሯቸው።

5. ባዮሱን ቀድማችሁ አድሱ

አሮጌው ፕሮሰሰር ገና ቦታው ላይ እያለ። ይህን አስምሬ የምጽፈው ተቃጥዬ ስለማውቅ ነው፦ በአንድ ወቅት 5600 ሲደርሰኝ 2600ን በዚያው ቀን ሸጥኩት፣ ደስ ብሎኝ ገጠምኩ፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። የቦርዱ ባዮስ አዲሱን ፕሮሰሰር ከነመኖሩም አያውቀውም። ባዮሱን ለማደስ አሮጌ ፕሮሰሰር ያስፈልጋል፣ አሮጌውን ደግሞ ሸጬዋለሁ። የገዛኝን ልጅ ደውዬ ለአንድ ምሽት ለመንኩት።

ለቦርዳችሁ ስምና ሪቪዥን የተዘጋጀውን ፋይል ብቻ አውርዱ፤ ፍላሹን በፋት32 ፎርማት አድርጉ፤ እድሳቱን ከዊንዶውስ ሳይሆን ከባዮሱ ውስጥ ከራሱ ማደሻ ጀምሩ። መብራት መሀል ላይ ከጠፋ ቦርዱ ሊሞት ይችላል። ዩፒኤስ ከሌላችሁ ከጎረቤት ወይም ከቢሮ ለአንድ ሰዓት ተዋሱ፤ «ዛሬ አይጠፋም» ብሎ የጀመረ ሰው ሲጠፋበት አይቻለሁ።

ሌላም አለ፣ ብዙዎች የሚዘሉት። ዊንዶውስ 11 ላይ ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር ከበራ፣ የዲስኩ ቁልፍ የተቆራኘው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ካለው ቁልፍ ጠባቂ፣ ከኤፍቲፒኤም ጋር ሊሆን ይችላል። ፕሮሰሰሩ ሲቀየር ዲስኩ «ቁልፍ አምጣ» ይላል። ከመጀመራችሁ በፊት የቢትሎከሩን ማስመለሻ ቁልፍ ወረቀት ላይ ገልብጡ፣ ቢትሎከሩንም ለጊዜው አቁሙት።

6. ቅየራው

ከመንቀላችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ጌም ተጫወቱ። ቀልድ አይደለም፤ ፔስቱ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ከዚያ አጥፉ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ የተረፈው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ የማስነሻ ቁልፉን አንድ ጊዜ ተጫኑ፣ የብረት ቀፎውንም ነክታችሁ በሰውነታችሁ ያለውን አውርዱ።

ማቀዝቀዣውን ፈትታችሁ ወደ ላይ አትጎትቱት። ኤኤም4 ላይ ፔስቱ ከጠነከረ ፕሮሰሰሩ መያዣው ተቆልፎ እያለ እንኳ ከማቀዝቀዣው ጋር ተጣብቆ ይወጣል፣ ፒኑም ያኔ ይጣመማል። ግራና ቀኝ በዝግታ አዙሩት፣ ሲለቅ ይሰማችኋል። አሮጌውን ፔስት በንጹሕ ጨርቅና በአልኮል ጥረጉ፤ አረቄ አይሆንም፣ ተጠይቄ ስለማውቅ ነው። የሶኬቱን የብረት ዘንግ አንሡ፣ አሮጌውን አውጡ፣ አዲሱ ፕሮሰሰር ጥግ ላይ ያለችውን ወርቃማ ሦስት ማዕዘን ከሶኬቱ ምልክት ጋር አገናኙ፣ ልቀቁት። በራሱ ክብደት ይገባል። መጫን ካስፈለጋችሁ አቀማመጡ ተሳስቷል። ዘንጓን መልሱ፣ መሀሉ ላይ አተር የምታክል ፔስት አድርጉ፣ ብሎኖቹን በመስቀለኛ ተራ በተራ አጥብቁ፣ የፋኑን ገመድ አትርሱ።

ሲነሳ «አዲስ ፕሮሰሰር ተገጥሟል» የሚል መልእክት መጥቶ ኤፍቲፒኤሙን ባዶ አድርጌ እንደ አዲስ ልጀምር ወይ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። የቢትሎከር ቁልፉ በእጃችሁ ከሆነ የዋይ (Y) ቁልፍን ተጫኑ። ባዮስ ሲታደስ ኤክስኤምፒ ስለሚጠፋ መልሳችሁ ክፈቱት። የቺፕሴት ድራይቨሩን (ዊንዶውስ ከቦርዱ ጋር የሚግባባበትን ፕሮግራም) አድሱ። ዊንዶውስን እንደገና መጫን በአብዛኛው አያስፈልግም።

7. መልሳችሁ ለኩ

ያው ጌም፣ ያው ቦታ፣ ያው ሴቲንግ። ከአማካዩ ይልቅ ዝቅተኛውን ቁጥር እዩ፤ ሲቆራረጥባችሁ የነበረው እዚያ ላይ ነው። ካርዱ ከ65 ተነሥቶ ወደ 95 ከመቶ ከወጣ ቅየራው ሠርቷል።

እዚህ ጋ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ይመጣል። እስከ ዛሬ ግማሽ ቀን ሲያርፍ የነበረው ካርድ አሁን ሙሉ ቀን መሥራት ጀምሯል፣ የሚስበው ኤሌክትሪክም ጨምሯል። ከርካሽ ኬዝ ጋር አብሮ የመጣ ፓወር ሰፕላይ ያለው ማሽን ከቅየራው በኋላ ጌም መሀል ድርግም ብሎ መጥፋት ሊጀምር ይችላል። ሰው ሁሉ አዲሱን ፕሮሰሰር ይጠረጥራል፤ እኔ መጀመሪያ የማየው ፓወር ሰፕላዩን ነው።

አሮጌውን 2600 አዲሱ በመጣበት ፕላስቲክ ውስጥ ፒኑን ወደ ታች አድርጋችሁ አስቀምጡት። አዲሱ አንድ ወር በሰላም እስኪያልፍ ድረስ አትሽጡት።